ከስንቁ ጋር ያልተላከው ጨዋታ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ የውሽውሽን ሻይ እርሻ አልፎ ሺሺንዳ ይደርሳል። በካፋ ዞን የሺሾ እንዴ ወረዳ ከተማ ናት፤ የቡና አገር። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚወርደው ሰው ቡናውንና ማሩን፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮውን ይዞ ይመጣል። የአንዳንዶቹ እናቶች ጉዳይ ግን ሸጦ መግዛት ብቻ አይደለም። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ልጅ አለቻቸውና ስንቅ ያቀብላሉ።

ርክክቡ አጭር ነው። ቆጮ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ፣ ካለ ጥቂት ብር።

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

«ትምህርቱስ?»

«ጥሩ ነው።»

«አደራ፣ ተጠንቀቂ።»

«እሺ።»

እናት ሳይመሽባት ለመድረስ ትነሳለች፤ ልጅም ስንቋን ተሸክማ ወደ ኪራይ ቤቷ ትመለሳለች። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው እንበል። ከምን እንደምትጠነቀቅ የነገራት የለም። እሷም አትጠይቅም፤ «ከምን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄው ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል።

ይህ የሺሺንዳ ብቻ ታሪክ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገጠር ቀበሌ በራቀበት የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ በወላጅ ዓይን ሥር የነበረ ልጅ በ14 እና በ15 ዓመቱ የራሱን በር የሚዘጋ ተከራይ ይሆናል። ቤት ውስጥ አብሮ ሲኖር ቀስ እያለ ሊነገረው ይችል የነበረው ሁሉ በገበያ ቀን ሩብ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። እናም አይገባም።

ብዙ ጊዜ «የኢትዮጵያ ወላጅ ከልጁ ጋር አያወራም» ሲባል ይሰማል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወላጅ ሲያወራ ነው የሚውለው፤ ያዛል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ይመርቃል። የጠፋው ንግግር ሳይሆን ልጅ መልስ ሊሰጥበት የሚችል ንግግር ነው። «ተጠንቀቂ» መልሱ «እሺ» ብቻ ነው። «ክፉ ጓደኛ አትያዝ» መልሱ «እሺ አባባ» ብቻ ነው። የጉርምስና ከባድ ጉዳዮች ግን በእሺታ የሚያልቁ አይደሉም፤ የወር አበባ፣ ፍቅር፣ ወሲብ፣ እርግዝና፣ ጥቃት፣ ጫት፣ በፈተና መውደቅ፣ ኑሮን መጥላት፤ ሁሉም መልሶ መጠየቅን ይፈልጋሉ።

ደግሞ የሚያስገርመው፣ ይህች አገር በአደባባይ ማውራቱን ተምራዋለች።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለዓመታት በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር፤ ሰው ሲሞት «በሳንባ» ወይም «በወፍ በሽታ» ይባልና ነገሩ ይድበሰበሳል። ኋላ ላይ እንደ ዘውዱ ጌታቸው ያሉ ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የተስፋ ጎህ ማኅበርም ከእነሱ ጥረት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል ሲተላለፍ፣ ቤተሰብ ሙሉ ተሰብስቦ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋ የሚያወሩ ገጸ ባሕርያትን ያደምጥ ነበር። ፍቅርቴ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ያላወቀ አድማጭ አልነበረም ማለት ይቻላል። ለአዘጋጆቹ የተጻፈው ደብዳቤ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ 952 የተባለው ነጻ የስልክ መስመር ተከፈተ። ሰው ስሙን ሳይናገር ስለ ኮንዶም፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ ፍርሃቱ ያለ ይሉኝታ ይጠይቅ ጀመር። ከደዋዮቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፦ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ለማያውቀው የስልክ ድምፅ የሚነግረውን ለእናቱ መንገር አልቻለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከካፋ ብዙም ከማይርቀው ከከምባታ ነው። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነቷ ተገርዛለች፤ እህቷን በወሊድ አጥታለች። በእስራኤልና በአሜሪካ ተምራ ከተመለሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር ኬ.ኤም.ጂ ኢትዮጵያ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። መጀመሪያ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ግርዛት ልትናገር ስትነሳ የአካባቢው ሰው ፊት ለፊት ያስቀመጠው ሌላ ችግር ነበር፤ ልጆችና ገበያተኞች የሚሻገሩበት ድልድይ የለም። ድልድዩ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጆሮ ያገኘችው። ቀጥሎ የመጣው የማኅበረሰብ ውይይት ስብከት አልነበረም። ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶች በየጊዜው ተቀምጠው፣ ማንም መልሱን አስቀድሞ ሳይሰጣቸው፣ ግርዛት ምን እንዳመጣባቸው ራሳቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ይህንኑ በአደባባይ አስታውቃ ተዳረች፤ ሚዜዎቿም ያልተገረዙ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘው ቆሙ። ይህ በሆነበት አካባቢ ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም ይባል ነበር። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈች፤ የውይይቱ ዘዴ ግን ከከምባታ አልፎ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም ሥራ ላይ ውሏል።

እንግዲህ አደባባዩ ተናግሯል። ዛፍ ሥር፣ በሬዲዮ፣ በሰርግ ድንኳን ውስጥ የማይነገረው ተነግሯል። የቤቱን ደፍ ግን አልተሻገረም።

ቁጥሮቹ ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች መካከል ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ። ያ ሁሉ ዘመቻ፣ ያ ሁሉ ፖስተር ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ዘመቻው የደረሰው ለወላጆቻቸው ትውልድ ነበር፤ ወላጆቹ ደግሞ የሰሙትን ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 3 በመቶ፣ አፋር ላይ 23 በመቶ። ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ የመጀመሪያ ወሲባቸውን የፈጸሙት 16 ነጥብ 6 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። «ገና ልጅ ናት፣ ሲደርስ ይነገራታል» የሚለው ወላጅ፣ «ሲደርስ» የሚለው ቀን ካለፈ በኋላ የሚነቃበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቡለን ወረዳ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ቢያንስ በሁለት የሥነ ተዋልዶ ጉዳዮች ላይ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረው የሚያውቁት 29 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ከአራት ዓመት በኋላ በወጣው የድሬዳዋ ጥናት ደግሞ 37 በመቶ ነበር። አንዱ ገጠር፣ ሌላው ትልቅ ከተማ፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ተማሪዎች ለምን አታወሩም ሲባሉ የሚሰጡት ምክንያትም ከቦታ ቦታ ይመሳሰላል፦ እናፍራለን፣ ነውር ነው፣ ወላጆቻችንም አያውቁትም። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ወላጅ የሚፈራው ልጁን ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን መጠየቁን ይፈራል።

የሺሺንዳዋ ተማሪ የመራቢያ አካላትን በባዮሎጂ ክፍል በእንግሊዝኛ ተምራ፣ የሥዕሉን ክፍሎች በስማቸው ጠርታ ፈተና ትሠራበታለች። ቤት ስትገባ ግን ያንኑ ነገር በካፊኖኖም በአማርኛም ለእናቷ የምታነሳበት መግቢያ የላትም። እናትየው በበኩሏ በልጅነቷ የነገራት ሰው የለም። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር አለ፤ የሚገናኝበት ቦታ ነው የጠፋው።

የወላጆችን ፍርሃት ንቆ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። «ዓይኗን አትክፈቱባት» የሚሉ እናት የሚናገሩት ከልምድ ነው፤ በሚኖሩበት ሰፈር የአንዲት ልጅ ስም አንድ ጊዜ ከተነሳ የሚታጠበው በዓመታት ነው። የሃይማኖት ሰዎችም ወሲብን ከጋብቻ ውጭ ማውራት እንደ መፍቀድ ይቆጠራል የሚል ስጋት አላቸው። ጥያቄው እንግዲህ በእርግጥ ማውራት ይገፋፋል ወይ የሚለው ነው። ዩኔስኮ ስለ ሥነ ወሲብ ትምህርት በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ በመረመረበት ጊዜ ትምህርቱ ልጆች ወሲብን ቀድመው እንዲጀምሩ እንደማያደርግ፣ ይልቁንም አንዳንዶቹ እንዲያዘገዩ እንደሚረዳ ተገንዝቧል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ያወጣው ግምገማ ደግሞ 52 ጥናቶችን፣ ከ25 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን የያዘ ነው። ከወላጆቻቸው ጋር የሚያወሩ ልጆች ራሳቸውን በመጠበቅ ረገድ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ በተለይ ከእናታቸው ጋር ሲሆን። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ወሬ ክትባት አይደለም። ግን ዓይን ከፈተ የተባለ ልጅ ገደል ሲገባ አልታየም።

ሌላም ነገር አለ። ወላጅ ዝም ቢልም ልጁ ሳይነገረው አይቀርም። ዛሬ ስልክ ያልደረሰበት ቀበሌ ጥቂት ነው። ቴሌግራምና ቲክቶክ «ዓይኗን አትክፈቱባት» የምትል እናት የላቸውም። ወላጅ ዝም ሲል መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ማን እንደሚሆን ለሌላ ይተወዋል ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይወራል? እዚህ ላይ ብዙ ምክር ሰጪዎች «ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው በግልጽ ይወያዩ» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ምክር ካፋ ውስጥ ሞክሮ የተሳካለት ወላጅ ካለ ብርቅ ነው። አባት ልጁን ጠርቶ «ቁጭ በል፣ የምነግርህ ነገር አለ» ሲል ልጁ የሚያስበው ምን አጠፋሁ ብሎ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየቱ ራሱ ፍርድ ቤት ያስመስለዋል።

የአካባቢው ኑሮ የሚሰጠው የተሻለ አጋጣሚ አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ቤተሰቡ አብሮ ነው የሚወጣው። እጅ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ሲለይ፣ ዓይን ቅርንጫፉ ላይ ነው፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን እንጂ ፊት ለፊት አይደሉም። ዝም ቢባልም ዝምታው አያሳፍርም፤ ሥራ አለ። እንዲህ ባለ ሰዓት «እኔ የመጀመሪያውን የወር አበባዬን ያየሁ ቀን የምሞት መስሎኝ ነበር» የምትል እናት ልጇን ምንም አልጠየቀቻትም፤ ልጅቷ ግን የመጠየቂያ በር አግኝታለች። ከገበያ ስንቅ ተይዞ ሲኬድ፣ እንሰት ሲፋቅ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ እሳት ዳር ሲቀመጡ፤ ፊት በማይታይበት ቦታ አፍ ይፈታል።

የቡናውን ሥነ ሥርዓት ግን ብዙዎች እንደ መፍትሔ ሲያነሱት ይሰማል፤ እዚያ ላይ ጥርጣሬ ማሰማት ያስፈልጋል። አቦል ሲቀዳ ጎረቤት ሁሉ አለ። ሴቶቹ ስለ አንዲት ልጅ እርግዝና ሲያወሩ የቤቱ ልጅ ቆሎ ይዛ ስትገባ ድምፅ ይወርዳል፤ አንዷ በዓይኗ ትጠቅሳለች፤ ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። ልጅቷ ቆሎውን አስቀምጣ ስትወጣ ሁለት ነገር ተምራለች፦ የሆነ ጉዳይ እንዳለ፣ እና እሷ ባለችበት እንደማይነሳ። ቶናው ሳይደርስ ከበሩ ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች። የሰማችው ግማሹን ነው፤ የቀረውን በራሷ ትሞላዋለች።

ከቦታው በላይ የሚወስነው ግን የመጀመሪያው መልስ ነው። «እማዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል ያለች አንዲት ልጅ አረገዘች አሉ» ትላለች ልጅ። ይህን የምትለው ወሬ ስላማራት አይደለም፤ ውሃውን በእግሯ እየለካች ነው። እናት «አንቺ ምን አገባሽ! ከእሷ ጋር ነው እንዴ የምትውዪው?» ካለች ጨዋታው አለቀ፤ ምናልባትም ለዓመታት። «ውይ፣ ምን ይሻላታል? አንቺስ ምን አልሽ ስትሰሚ?» ካለች ግን ልጅቷ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይኖራታል። ጥያቄን እንደ ኑዛዜ መስማት የወላጅ ትልቁ ስሕተት ነው። ስለ ኮንዶም የጠየቀ ሁሉ ኮንዶም ኪሱ ውስጥ የለውም፤ ስለ ጫት ያነሳ ሁሉ ቅሞ አልመጣም።

«አላውቅም፤ ጤና ጣቢያ ጠይቄ እነግርሻለሁ» ማለትም መልስ ነው። የወላጅ ክብር በዚህ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ እናቶች ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ይጠይቋቸዋል። ስለ ልጃቸው ጥያቄ የማይጠይቁበት ምክንያት የለም።

ወንዶች ልጆችስ? ለእነሱ «ተጠንቀቅ» የሚልም የለም። እናት ለሴት ልጇ ቢያንስ በጨረፍታ ትናገራለች፤ አባት ለወንድ ልጁ ምንም አይልም፤ እሱ ራሱ የተማረው ከእረኛ ጓደኞቹ ነውና። ስለዚህ ወንዱ ልጅ ሰውነቱ ሲለወጥ፣ ሕልመ ሌሊት ሲያጋጥመው፣ ታመምኩ ወይስ ኃጢአት ሠራሁ እያለ ብቻውን ይጨነቃል፤ ስለ ሴት የሚያውቀውም ስልክ ላይ ያየውን ነው። ኋላ እምቢ ሲባል እምቢታን እንዴት እንደሚቀበል ማን አስተማረው? በስፖርት ውርርድ ቤት የስንቅ ብሩን ሲጨርስ፣ ጫት ቤት ሲውል ብቻ ነው የቤተሰብ ስብሰባ የሚጠራው።

አባት ስለ ሴት ልጁ ጉዳይም አያገባውም የሚለው አመለካከት ቢላላ ጥሩ ነው። የአስቤዛ ብር ሲሰጥ ሞዴስ የሚለውን ቃል አብሮ የሚጠራ አባት፣ በአንዲት ቃል ብቻ የወር አበባ ነውር እንዳልሆነ ለቤቱ ሁሉ ተናግሯል። ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ላይ ታጥቦ መልሶ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ የከፈተችው፣ በ2019ም የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው ይህን ዕቃ በማቅረቧ ብቻ አልነበረም። ሥራዋ ስለ ወር አበባ በየትምህርት ቤቱ ማስተማርንም ይጨምራል፤ ወንዶች ተማሪዎችም እንዲሰሙ ይደረጋል። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከክፍል የምትወጣ ልጅ ላይ መሳቅ የሚቆመው ወንዶቹ ምን እንደሆነ ሲያውቁ ነው።

ስለ ጥቃት ማውራት ከሁሉም ይከብዳል፤ ግን ለተከራይ ተማሪ ከሁሉም የሚቀድመው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ቀርባለች፤ ራሷን ስትከላከል መሆኑ ታምኖበት ነጻ ወጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» የተባለው ፊልም ይህንን ታሪክ ይዞ ወጣ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠለፋንም ያለ ዕድሜ ጋብቻንም በእስራት ያስቀጣል፤ የቤተሰብ ሕጉም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ልጅቷ ግን ከአንቀጹ በፊት ማወቅ ያለባት ቀላል ነገር ነው፦ የሆነ ሰው፣ አከራይም ይሁን መምህር፣ ዘመድም ይሁን የክፍል ጓደኛ፣ ያልፈለገችውን ቢያደርግባት ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ ቤት ብትናገር እንደማትደበደብ፣ ከትምህርቷም እንደማትቀር። ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚዘጉት አጥቂውን ፈርተው ብቻ አይደለም፤ «ብናገር ከትምህርት ያስቀሩኛል» ብለው ነው። «ከትምህርትሽ አትቀሪም» የሚለውን ቃል አስቀድሞ መስጠት የሚችለው ወላጅ ብቻ ነው፤ ከሆነ በኋላ ቢሰጥ ዋጋው ግማሽ ነው።

ስለ ውድቀትም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4 በመቶ። እንግዲህ ከመቶ ልጅ ከ90 በላይ የሚሆነው ሳያልፍ በሚቀርበት አገር፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ስለ ማለፍ ብቻ ነው። ቡናውን ሸጦ፣ ስንቅ አመላልሶ ያስተማረ አባት «ባይሆንልህም ልጄ ነህ፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» የሚለውን ከፈተናው በፊት ካልተናገረ፣ ልጁ ውጤቱን ይዞ ወደ ቤት የሚሄድበት እግር ያጣል። አንዳንዱ ከተማ ይጠፋል፤ አንዳንዱ የባሰ ያስባል። ልጁ ከሰው ሲሸሽ፣ መብላትና መተኛት ሲያቆም፣ «ባልኖር ይሻላል» ሲል የሰማ ወላጅ ራሱን ሊጎዳ ያስብ እንደሆነ በቀጥታ ቢጠይቀው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ነው የሚመክረው። ጠይቆ፣ ብቻውን ሳይተዉት፣ ወደ ጤና ተቋም አብሮ መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ለየቤቱ ትከሻ ትቶ መሄድ ደግሞ ተገቢ አይደለም። እናትና አባት ያልተለማመዱትን እንዲናገሩ መጠየቅ ብቻውን ሌላ «ተጠንቀቁ» ነው። ኬንያ ውስጥ ከ9 እስከ 12 ዓመት ልጆች ላሏቸው ወላጆች የተዘጋጀ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ወላጆቹ በተከታታይ ሳምንታት እየተሰበሰቡ ስለ ወሲብና ስለ ኤች አይ ቪ መረጃ ይሰጣቸዋል፣ ግን ዋናው ነገር ቃሉን በአፋቸው መለማመዳቸው ነው። አንዱ ወላጅ እንደ ልጅ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ይሳቃል፣ ይደገማል። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ይጠሩና ወላጆቹ የተለማመዱትን ከእነሱ ጋር ያወራሉ። ልጆቹ ገና ሳይጎረምሱ መጀመሩም በአጋጣሚ አይደለም፤ 10 ዓመት ላይ የተጀመረ ወሬ 15 ላይ አያስደነግጥም።

ለዚህ የሚሆን መድረክ እዚህም አለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ፣ አለው። ስብሰባው ሲጠራ አጀንዳው የታወቀ ነው፦ የመማሪያ ክፍል ጥገና መዋጮ፣ የደንብ ልብስ፣ የሚያስቸግሩ ተማሪዎች ስም ዝርዝር። ወላጅ ከዚያ ስብሰባ የሚወጣው ብር ከፍሎ ወይም ተወቅሶ ነው። ከዓመቱ ስብሰባዎች ሁለቱ ስለ ገንዘብ ምንም ሳይነሳባቸው ለዚህ ልምምድ ቢውሉ የሚጠይቀው ወጪ የለም ማለት ይቻላል። የሚያስተባብሩት የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና አንድ ልጆች የሚወዱት መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። ቄሱ፣ ሼኩና ፓስተሩ አስቀድመው ካልተጋበዙ በየአምልኮ ቦታው ሌላ ወሬ ይወራል፤ ከተጋበዙ ግን የከምባታው ልምድ እንደሚያሳየው ከማንም በላይ ሰውን የሚያሳምኑት እነሱ ናቸው። አከራዮችም ይጠሩ፤ ከወላጅ ይልቅ ልጆቹን በየማታው የሚያዩት እነሱ ናቸውና።

አባቶች ይመጣሉ ወይ? በልቀማ ወቅት ከተጠራ አይመጡም፤ እናቶችም አይመጡም። ጥር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ቢሆን ግን ብዙ ሰው ይገኛል። ለመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «እናንተ በልጅነታችሁ ማን ነገራችሁ?»